የአካባቢ ሕግ ተምሬ ሥራ እስካገኝ

ያደግኩት አቃቂ ነው። ከቤታችን እስከ ወንዙ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። እናቴ ጉሊት ላይ አትክልት ትሸጣለች። ጎመኑም፣ ቆስጣውም፣ ሰላጣውም የሚመጣው ከዚያው ከወንዙ ዳር ነው። ልጅ ሆኜ ወንዙ አንድ ቀን ጥቁር፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ሲወርድ ሳይ አይገርመኝም ነበር። ወንዝ ማለት እንደዚያ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

ዛሬ የምሠራው በአካባቢ ሕግ ነው። እዚህ ለመድረስ ግን ከተመረቅኩ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ዓመት የባከነው ማንም ስላልነገረኝ፣ እኔም ስላልጠየቅኩ ነው። ሰሞኑን ሦስት የሕግ ተማሪዎች ቤት ድረስ መጥተው "የአካባቢ ሕግ እንጀራ ይሆናል ወይ?" አሉኝ። ይሆናል። ግን በየት በኩል እንደሚሆን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ለእነሱ የነገርኳቸውን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2006 ዓ.ም. ነው። ሐሳቤ ዳኛ መሆን ነበር። ያን ሐሳብ ያስቀየረኝ ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ የቆሻሻው ክምር ተደረመሰ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ከክምሩ ግርጌ ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። አራተኛ ዓመት ነበርኩ። ዶርም ውስጥ ዜናውን ስንሰማ ማናችንም እንቅልፍ አልወሰደንም።

በኋላ ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሼ አነበብኩት። ቆሼ ከመደርመሱ ከአንድ ዓመት በፊት የከተማው ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ መሄድ ጀምሮ ነበር። አዲሱ ቦታ በ2008 ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችን ተበላሸ፣ ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው ተቃወሙ። በወራት ውስጥ ቆመ። ቆሻሻው ተመልሶ ቆሼ መጣ። ከዚያ ወዲህ "የሕዝብ ተሳትፎ" የሚለውን ቃል ሕግ ላይ ባየሁ ቁጥር የሚታዩኝ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ናቸው። በዚያ ዓመት ልቤ ቆረጠ። የምሠራው ይሄን ነው አልኩ።

ፍላጎቴ እውነተኛ ነበር። አካሄዴ ግን የተሳሳተ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ ትምህርቱን ለፈተና ብቻ ማጥናቴ ነው። የአካባቢ ሕግ የሚሰጠን አንድ ሴሚስተር ነበር። የስቶክሆልም ጉባኤ፣ የሪዮ ጉባኤ፣ የፓሪስ ስምምነት እያልኩ በቃሌ ሸመደድኩ። ኤ አገኘሁ። የአገሬን አዋጆች ግን ከነጋሪት ጋዜጣው ላይ ከፍቼ አላነበብኩም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው እንደሚል አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ (ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ስለሚጠናበት መንገድ)፣ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስለ ብክለት ቁጥጥር እንደሆኑም አውቃለሁ። ውስጣቸው ምን እንደሚል ቢጠይቁኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ተቀምጦ ላነበባቸው ከግማሽ ቀን በላይ አይወስዱም።

የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በኪዮቶ ፕሮቶኮል ላይ ነው። ስለ አቃቂ አንድ ገጽ የለበትም። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ቤቴ ወንዙ ዳር ሆኖ እኔ የጃፓን ከተማ ስም የያዘ ስምምነት ስተነትን ከረምኩ። ስምምነቱ አይጠናም ማለቴ አይደለም። ግን እኔ በዚያ ላይ የምጨምረው አንድም ነገር አልነበረኝም። ስለ አቃቂ ብጽፍ ኖሮ በእጄ ያለ፣ ሌላ ሰው የሌለው ዕውቀት ይሆን ነበር።

ቫኑዋቱ የምትባለውን የደሴት አገር ታውቋት ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በደቡብ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች ደሴቶቻችን በባሕር ሊዋጡ ነው፣ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ግዴታ ምን እንደሆነ ይንገረን ብለው ተነሡ። የክፍል ውስጥ ሐሳብ ነበር። የቫኑዋቱ መንግሥት ያዘው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተቀበለው፤ ፍርድ ቤቱም ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የምክር አስተያየቱን ሰጠ። እነዚያ ልጆች የተነሡት ከደጃቸው ነው። እናንተም የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ መጀመሪያ በራችሁን ከፍታችሁ ውጭውን እዩ። ገላን ያላችሁ፣ ሰበታ ያላችሁ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ያላችሁ፣ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለባችሁም።

ኮርስ ምረጡ ስትባሉም "አካባቢ" የሚል ስም ያለውን ብቻ አትፈልጉ። እኔን ሥራ ላይ በየቀኑ የሚጠቅመኝ የመሬት ሕግ፣ የአስተዳደር ሕግና የውል ሕግ ነው። ፕሮጀክት ባለበት ሁሉ የመሬት ካሳ አለ፤ ስለዚህ የካሳ አዋጁን ቁጥር 1161/2011ን ማወቅ ግድ ነው። የመሥሪያ ቤት ውሳኔ ባለበት ሁሉ ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲታይ የመጠየቅ ጉዳይ አለ፤ ለዚህ ደግሞ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ። የአስተዳደር ሕግ ክፍል ውስጥ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያለፍኩት። በኋላ ከዜሮ ጀምሬ ተማርኩት።

ሐምሌ 2010 ተመረቅኩ። የሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ሥራ ፍለጋ ሆነ። ጠዋት ተነስቼ ሪፖርተርን አገላብጣለሁ፤ ቴሌግራም ቻናሎቹን እከፍታለሁ። የምፈልገው "የአካባቢ ሕግ ባለሙያ" የሚል ማስታወቂያ ነው። በዓመት ውስጥ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም አምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ። ሙያው ሥራ የለውም ብዬ ደመደምኩ።

ሥራው ግን ነበር። ስሙ ነው የተለየብኝ። "የአካባቢና ማኅበራዊ ሴፍጋርድ ባለሙያ" ይላል፤ ፕሮጀክት ሰውንና አካባቢን እንዳይጎዳ የሚከታተል ማለት ነው። "የኮምፕሊያንስ ኦፊሰር" ይላል፤ ሕግና ደንብ መከበሩን የሚከታተል ነው። "የመልሶ ማስፈር ባለሙያ"፣ "የቅሬታ አፈታት አስተባባሪ"፣ "የጤና፣ ደኅንነትና አካባቢ ኦፊሰር" ይላል። እነዚህን አይቼ የኢንጂነር ሥራ ነው ብዬ አልፋቸው ነበር። ብዙዎቹ የትምህርት ዓይነት ዝርዝር ውስጥ "ሕግ" ተጽፎ ነበር። እስከ ታች አላነበብኩም።

በዚያው ዓመት አንድ የአካባቢ ሕግ ሥልጠና አለ ተባለና 6,500 ብር ከፈልኩ። ብሩ የእናቴ ዕቁብ ነው። ሥልጠናው አራት ቅዳሜ ፈጀ። አሠልጣኙ ስላይድ አነበበ። ምሳ ነበረ፤ ፎቶ ተነሳን። የምስክር ወረቀቱን ይዤ ስንት ቢሮ እንደዞርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እማዬ አንድም ቀን ስለ ብሩ አላነሳችብኝም። እሱ ነው እስከ ዛሬ ልቤን የሚበላው።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ለእንዲህ ዓይነት ወረቀት ገንዘብ አታውጡ። ዩኤን ሲሲ ለርን በሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነጻ ኮርሶች አሉ፤ ስትጨርሱ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ኢንፎርሚያ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ስለ ዓለም አቀፍ የአካባቢ ስምምነቶች በነጻ ያስተምራል። የሚያስፈልገው ኢንተርኔትና ትዕግሥት ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ለምን እንደምትማሩት እወቁ። እኔ በኋላ ስለ አደገኛ ቆሻሻና ኬሚካል የወሰድኩት ኮርስ የጠቀመኝ እጄ ላይ የሚገናኝ ጉዳይ ስለነበረኝ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። በ2012 መጀመሪያ ላይ ነው። ሥራ የለኝም፤ ቤት ነኝ። ከእኛ በታች ወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ ጎረቤት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። አንድ ጠዋት የሰላጣ መደባቸው ተቃጥሎ አገኙት። ከሁለት ቀን በፊት ሌሊት ከአንድ ፋብሪካ ፍሳሽ ተለቅቆ ነበር። ውሃውን በፓምፕ ሳብ አድርገው ያጠጡት ጎህ ሲቀድ ነው። መደቡ በሁለት ቀን ውስጥ ነደደ።

የሕግ ምሩቅ ነኝና "እኔ እከስላችኋለሁ" አልኩ። በሃይላንድ ውሃ ቀዳሁ። ፎቶ አነሳሁ። ወረዳ ሄጄ በቃል ተናገርኩ። "ይታያል" አሉኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ደብዳቤ ጻፍኩና ለአንድ ሠራተኛ በእጁ ሰጠሁ። መዝገብ ቤት አላስገባሁትም። ገቢ ቁጥር የለው፣ ማህተም የለው። ከሁለት ወር በኋላ ስጠይቅ ደብዳቤው የለም። ሠራተኛውም ተዛውሯል።

እንደገና ጻፍኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ፋብሪካው ያለው ከከተማው ወሰን ማዶ፣ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ጉዳቱ የደረሰው ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የጻፍኩት ለአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። ወንዝ ወሰን አያውቅም፤ ደብዳቤ ግን ያውቃል። ከተማ ዳር የምትኖሩ ይሄን አደራ አስተውሉ። ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት በካይ የተባለው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ አጣሩ። ኦሮሚያ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ጻፉ፤ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ሰው ያግዛችሁ። እኔ ቋንቋውን በሰፈር ስለማውቀው መናገር እችላለሁ። ለሥራ የሚሆን ጽሑፍ መጻፍ ግን በዚያ ዓመት ነው ቁጭ ብዬ የተማርኩት። ከብዙ ሰርተፍኬት የበለጠ በር ከፍቶልኛል።

በመጨረሻ ሕጉን አነበብኩት። አዋጅ 300 አንቀጽ 11። በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ይችላል በተባለ ሰው ላይ ማንም ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። የራሴ ጥቅም ተነክቷል ብሎ ማሳየት አያስፈልግም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። እንግዲህ ቁጠሩት። 30ውም 60ውም መቆጠር የሚጀምረው አቤቱታው በትክክል ከገባ ነው። የኔ የመጀመሪያ ደብዳቤ የገባበት ቀን በወረቀት የለም። ሁለተኛው ያልተገባ ቦታ ገብቷል። ቀኑን የምቆጥርበት መነሻ አልነበረኝም።

የሃይላንዱ ውሃም ማስረጃ አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ በቦታው ጉብኝት ቀን ገባኝ። ሦስተኛው ማመልከቻዬ ተሳክቶ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ፋብሪካውም የራሱን አማካሪ ይዞ መጣ። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ የአካባቢ ኢንጂነር የሆኑ እናት ናቸው። ጠርሙሴን አሳየሁ። ከሁለት ወር በላይ መስኮት ላይ ቆሟል። በየትኛው ሰዓት ተቀዳ? ከፍሳሹ ቱቦ በላይ ያለው ውሃስ የት አለ? በምን ሙቀት ተያዘ? እጅ በእጅ የተቀባበሉት እነማን ናቸው? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ሴትየዋ በክፋት አልጠየቁኝም። ሲጨርሱ ወደ ጎን ወስደው "ልጄ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ውሃውን ግን አታውቂውም" አሉኝና ስልካቸውን ሰጡኝ።

ከጉብኝቱ ስመለስ ጋሼ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን ጠቁሯል። "ልጄ፣ ጎመናችን መርዝ ነው ብለሽ ጻፍሽ አሉ። ነገ ማን ይገዛናል? እናትሽስ ምን ልትሸጥ ነው?" አሉኝ። ያን ማታ አልቅሻለሁ። እውነታቸውን ነው። ማመልከቻዬ ላይ ስለ ገበሬው ኑሮ አንድ መስመር አልጻፍኩም። እርሳቸውን ራሳቸውን ምን እንዲደረግልዎት ይፈልጋሉ ብዬ አልጠየቅኩም። በስማቸው ከመጻፌ በፊት ያላነበብኩላቸው ደብዳቤ ነበር። እሱን ነው ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ። ለማንም ሰው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ስሙት። የጻፋችሁትን አንብቡለት። ይሄ አይሁን ካለ አይሁን።

ጉዳዩ በ2012 መጋቢት ኮሮና ሲገባ ቆመ። የጋሼ ሰላጣ ካሳ አላገኘም። ይሄን የምነግራችሁ የእኔ ታሪክ በድል ያለቀ እንዳይመስላችሁ ነው። ስለ አቃቂ ወንዝ ከእኔ በፊትም የሞከሩ አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ የሚባለው የባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር። ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። ያን መዝገብ የሚያጠና ተማሪ በሥነ ሥርዓት በኩል በር እንዴት እንደሚዘጋ ያያል። ሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ ባየው ኖሮ ስንቱን እተርፍ ነበር።

ኢንጂነሯ ጋር ደወልኩ። ወረርሽኙ ረገብ ሲል ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው መሄድ ጀመርኩ። የውሃ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ አሳዩኝ። ከቱቦው በላይ፣ ከቱቦው ላይ፣ ከቱቦው በታች። በንጹህ ዕቃ፣ በበረዶ ሳጥን፣ ሰዓትና ፊርማ ያለው ወረቀት ተለጥፎበት። ውሃው ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጅ ለማየት ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ቆዳ ፋብሪካ ከሆነ ክሮሚየም ይለካ ማለት እንዳለብኝ አስተማሩኝ። እኔ ኬሚስት አልሆንኩም። ግን የላቦራቶሪ ወረቀት ሲሰጠኝ የት ቦታ ማየት እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ከሁሉ የጠቀመኝ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ አነባበብ ነው። አንዳንዱ 300 ገጽ ነው። እርሳቸው ከኋላ ጀምሪ አሉኝ። መጀመሪያ አባሪውን ክፈቱ። ከሕዝብ ጋር የተደረገው ውይይት ቃለ ጉባኤ እዚያ ነው። ስንት ሰው ፈረመ? ስንት ሴት አለች? አስተያየቱ የሰው አፍ ይመስላል ወይስ ሁሉም በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ነው? ቀጥሎ የአያያዝ ዕቅዱን፣ ማለትም ጉዳቱ እንዴት እንደሚቀነስ የሚዘረዝረውን ክፍል እዩ። ማን ይሠራዋል፣ መቼ፣ በስንት ብር? ባዶ ሳጥን ካለ እዚያ ላይ ጥያቄ አለ። ቀጥሎ ናሙናው የተወሰደው በክረምት ነው በበጋ? ወንዝ በክረምት ሲሞላ ብክለቱ ይቀጥናል።

የሕግ ምዕራፉን መጨረሻ ላይ አነበብኩት። እዚያ ላይ ነው እንጀራዬን ያገኘሁት። ምዕራፉ ከሌላ ሰነድ የተገለበጠ ነበር። የተሻረ የካሳ አዋጅ ጠቅሷል። በስም የሌለ መሥሪያ ቤት ጠቅሷል። በአገራችን የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ ባለሥልጣን፣ ሚኒስቴር፣ ኮሚሽን፣ እንደገና ባለሥልጣን ሆኗል። የደረቅ ቆሻሻ አዋጁም ቁጥር 513/1999 በቅርቡ በ2017 በሌላ ተተክቷል፤ አዲሱ የፕላስቲክ ከረጢት ይከለክላል። ስለዚህ የትኛውንም አዋጅ ከመጥቀሳችሁ በፊት የቅርቡን ነጋሪት ጋዜጣ እዩ። እኔ በሰነዱ ላይ አሥራ አንድ ስህተት በእርሳስ አስምሬ ለኢንጂነሯ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ሥራቸው የሕግ ምዕራፉን እንድጽፍ በቀን አበል ጠሩኝ። ከዚያ ሁለት ሌላ ሥራ መጣ። ጥር 2014 በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ቋሚ የሴፍጋርድ ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ስቶክሆልም አልተጠየቅኩም። የዓለም ባንክን የአካባቢና ማኅበራዊ ማዕቀፍ ታውቂያለሽ ወይ ተባልኩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። አሥር ደረጃዎች አሉት። አምስተኛው ስለ መሬትና መልሶ ማስፈር ነው፤ አሥረኛው ባለድርሻዎችን ስለማሳተፍ ነው። በነጻ ይገኛል፤ አውርዱት። ባንኩ ገንዘብ በሚሰጥበት ፕሮጀክት ሁሉ ይሄን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። እኔ አሥረኛውን ሳነብ ጋሼ ትዝ እያሉኝ ነው ያነበብኩት። ለጥያቄው የመለስኩትም የእርሳቸውን ታሪክ ነው። ደብዳቤውን ሳላነብላቸው ጽፌ ምን እንዳጠፋሁ ነገርኳቸው። ለሥራው የመረጡኝ በዚያ መልስ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

ሌላ የት የት ሥራ አለ ብላችሁ ለምትጠይቁ፦ የፌዴራሉ፣ የአዲስ አበባና የክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች የሕግ ባለሙያ ይቀጥራሉ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ የምትማሩት ግን ብዙ ነው፤ ፋይሉ በሙሉ እጃችሁ ይገባል። እንደ ቦሌ ለሚና ቂሊንጦ ያሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች አሉ። ከ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ ወዲህ የመብት ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች መንቀሳቀሻቸው ሰፍቷል። ዐቃቤ ሕግ መሆንም የአካባቢ ሕግ ሥራ ነው፤ ብክለት በአዋጅ 300 የወንጀል ቅጣት አለው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ የምንኖር ደግሞ ሌላ አገር ያለ ሰው የማያገኘው ዕድል አለን። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚሁ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ኢንተርንሺፕ ደመወዝ የለውም። ከሌላ አገር ለሚመጣ ልጅ የቤት ኪራዩ ፈተና ነው። እናንተ ግን እናታችሁ ቤት አድራችሁ ከቃሊቲ ባቡር ይዛችሁ ስታዲየም መውረድ ትችላላችሁ።

ገና ተማሪ ከሆናችሁ የትምህርት ቤታችሁን ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አትለፉት። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ችግሩን ሲነግራችሁ ማዳመጥ እዚያ ነው የሚለመደው። ለክርክር ውድድር ፍላጎት ካላችሁ ስቴትሰን የሚባል ዓለም አቀፍ የአካባቢ ሕግ የሙት ኮርት (የልምምድ ችሎት) ውድድር አለ፤ የአፍሪካ ዙርም አለው። መምህር እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ ሁለት ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱና አሠልጥኑን በሉ።

ስለ ስኮላርሺፕ አጭር ነገር ልበል። እኔ በተመረቅኩ በዓመቱ የእንግሊዝ መንግሥት ለሚሰጠው ቺቭኒንግ ለሚባል ስኮላርሺፕ አመለከትኩ። የሁለት ዓመት፣ ማለትም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ እንደሚጠይቅ መስፈርቱን አላነበብኩም። ለጽሑፉ ሦስት ሳምንት ሠርቼበት ነበር። ያም ጽሑፍ "ከልጅነቴ ጀምሮ ተፈጥሮን እወዳለሁ" ብሎ የሚጀምር ነው። እንደዚያ የሚጀምር ሺህ ሰው አለ። ስለ ተቃጠለው ሰላጣ የሚጽፍ ግን ሰላጣው ሲቃጠል ያየ ሰው ብቻ ነው። ውጭ ሄዳችሁ መማር ከፈለጋችሁ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በዓለም አቀፍ የአካባቢና የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ማስተርስ አለው፤ የምሥራቅ ፊንላንድ ዩኒቨርሲቲም በአካባቢ ፖሊሲና ሕግ ያስተምራል። ቅርብ ከፈለጋችሁ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሕግና ፖሊሲ ማዕከል አለው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ከተማ ነው። አገር ውስጥ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩትን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢና ልማት ማዕከልን ጠይቁ። እኔ እየሠራሁ በማታ እዚሁ መማርን መርጫለሁ። እማዬን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም፤ አልቆጨኝምም።

ያለፈው ቅዳሜ እነዚያን ሦስት ተማሪዎች ወንዙ ዳር ወሰድኳቸው። በረዶ ሳጥን ይዘናል። ጋሼ ከጎመን መደባቸው ላይ ተነስተው መጡ። ከታረቅን ቆይተናል። በ2013 አንድ ደብተር ሰጥቻቸው "ውሃው በተለወጠ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉልኝ" ብያቸው ነበር። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ናቸው። ልጆቹ ሲያዩት ዝም አሉ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው የመጨረሻውን ገጽ አነበቡላቸው፦ "ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ጥቁር፣ አረፋ አለው፣ ዓይን ያቃጥላል። ፓምፑን አጥፍቻለሁ።"